በግራር ሙጫ የተጠበቀ ብር፦ ከባሕር ዳር የቤተ ሙከራ ሥራዬ

ባሕር ዳር ላይ የብር ናኖ ቅንጣቶችን (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን) እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በሚጠብቃቸው በግራር ሙጫ ስሠራ፣ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ሙጫውን ማዘጋጀቱ ነበር። ከቆላ የሚመጣው ሙጫ በአመዛኙ የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ጨው የሆነ አሲዳማ ፖሊሳካራይድ (ከስኳር አሃዶች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት) ነው፤ ጥቂት ፕሮቲንም አለበት። ካልሲየሙ በሰንሰለቶቹ ላይ ያሉትን የካርቦክሲል (አሲዳማ) ቡድኖች አገናኝቶ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ስለሚችል፣ ሙጫውን በተጣራ ውኃ አሟሙቼ፣ ቅርፊቱንና አሸዋውን ለይቼ፣ ትናንሽ አዮኖችን ብቻ በሚያሳልፍ የዲያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ውኃውን እየቀያየርሁ አጠብሁት። የቧንቧ ውኃ እዚህ አይገባም፤ ክሎራይዱ ከብር አዮን ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራልና።

የሙጫውን ሙሙት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 10 አካባቢ ካደረስሁ በኋላ ብር ናይትሬቱን በጠብታ ጨመርሁ። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ አልካሊው ብር ናይትሬትን በቀጥታ ካገኘው ቡናማ የብር ኦክሳይድ ይዘቅጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ «እስኪፈላ» በሚል መመሪያ ፈንታ ሙቀቱን በቴርሞሜትር 80 ላይ አጸናሁት። ሙሙቱ ቢጫ ሆነ፤ ብርሃንን አብዝቶ የሚመጥበት ጫፍም 410 ናኖሜትር አካባቢ ታየ፤ ሁለቱም የብር ናኖ ቅንጣቶች መፈጠራቸውን ያሳያሉ።

ሙጫው ብሩን የሚጠብቀው በካርቦክሲሌቶቹ (አልካሊ ባገኛቸው የካርቦክሲል ቡድኖች) አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ብቻ ሳይሆን በተንሰራፉት ሰንሰለቶቹም ጭምር ነው። የ1925 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሪቻርድ ዚግሞንዲ ይህን የመጠበቅ ኃይል የለካው በወርቅ ኮሎይድ (በውኃ ውስጥ በተበተኑ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች) ላይ የገበታ ጨው በመጨመር ነበር። ለብር ግን በገበታ ጨው ፈንታ ሶዲየም ናይትሬትን መረጥሁ፤ ክሎራይድ የቅንጣቱን ገጽ ራሱን ስለሚለውጥ፣ የታየው ለውጥ ከሙላት መዳከም ይሁን ከብር ክሎራይድ መፈጠር መለየት አይቻልም። ለማነጻጸር በሲትሬት (በሲትሪክ አሲድ ጨው) የተሠራው ብር፣ ሶዲየም ናይትሬቱ ሲጨመርበት ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ወዲያው ወደ ግራጫ ሲያዘነብል፣ በሙጫ የተሠራው ቢጫነቱን ጠበቀ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እጥበቱ ነው። ሙጫው ከብሩ ገጽ ጋር የተያያዘው በጠንካራ ትስስር ስላልሆነ፣ በሴንትሪፊዩጅ እየለዩ ንጹሕ ውኃ በተኩበት ቁጥር ጥቂቱ ከገጹ እየለቀቀ ይሄዳል፤ እጥበቱ ሲበዛም ቅንጣቶቹ ይሰባሰባሉ። ሳይታጠብ የደረቀ ናሙና ደግሞ የሞለኪውሎችን ዓይነት በሚለየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲለካ የሚያሳየው በአብዛኛው ነጻውን ሙጫ እንጂ ገጹ ላይ ያለውን አይደለም። ስለዚህ አሁን የታጠበውን ቅንጣትና ከእያንዳንዱ እጥበት የወጣውን ውኃ ጎን ለጎን እለካለሁ፤ ከውኃው ውስጥ የሙጫው ምልክት እየጠፋ ከቅንጣቱ ላይ ግን ሳይጠፋ ሲቀር፣ ስለ ገጹ መናገር የምጀምረው ያን ጊዜ ነው።