የገና ማግስት ዓሣ

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችንና መድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

በዓል በመጣ ቁጥር «ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ተገናኛችሁ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ዘንድሮ ከተዋወቅን አሥር ዓመት ሞላን፤ ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ሐዋሳን የምታውቁ ለገብርኤል ንግሥ ከተማችን ምን እንደምትመስል አይጠፋችሁም። ከዋዜማው ጀምሮ አልጋ የሚባል አይገኝም፤ መኪናው ከሻሸመኔ በኩል ሳያቋርጥ ይገባል። እናቴ ሳሎኑን አንጥፋ በየዓመቱ እንግዳ ታሳድር ነበር። ያን ዓመት በጎረቤት በኩል ከአዳማ የመጡ አንዲት እናት ከነልጃቸው አደሩብን። እትዬ ሁልጊዜ የሚሄዱት ቁልቢ ነበር። በዚያ ክረምት ልጃቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ግን ለሐዋሳው ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ፤ ልጁ ዳነላቸው፣ ስለታቸውን ይዘው መጡ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ምሳ ቀረበ። እናቴ ማልዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳ፣ ጀልባዎቹ እንደደረሱ ቆሮሶ ዓሣ ገዝታ፣ ወጡን አሳምራ ሠርታለች። እትዬ ሽታውን ሲያውቁት እጃቸውን ሰበሰቡ። «በጾም አልበላም፣ እመቤቴ።» በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያደግን ብዙዎቻችን ግን ስንበላ ነው ያደግነው። እናቴ ፊቷ ቅጭም አለ። ለእንግዳዋ ያላትን ሁሉ አቅርባ ነበርና አሳዘነችኝ። እትዬም አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ልጃቸው፣ «እማማ፣ ጾሙ ሲፈታ መጥቼ እበላልዎታለሁ» አለ። እናቴ ፈገግ አለች። እሷን ለማጽናናት ያላት ነገር እንደሆነች ሁላችንም አውቀናል።

እኔ ሽሮ ልሠራ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ተከትሎኝ ገባና በርጩማ ስቦ፣ «ሽንኩርቱን ልክተፍልሽ» አለኝ። እየከተፈ ስለ ሆስፒታሉ አወራኝ። «የፈራሁት ለራሴ አልነበረም፤ እሷ ብቻዋን እንዳትቀር ነው» ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። ሽሮው ሲንተከተክ ሁለታችንም ዝም አልን። ያ ዝምታ አልከበደኝም። ከማላውቀው ሰው ጋር ዝም ብዬ መቀመጥ ሳይከብደኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው በ28 ነው፣ ሐሙስ። በማግስቱ ዓርብ፣ ጾም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። ከአዳማ ተነሥቶ፣ ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፎ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ቆሟል። «ትናንት እንዳልመጣ ዓርብ ሆነብኝ» አለ ለእናቴ፤ እኔን ገና ሰላም አላለኝም። እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ሐይቁ ስትሄድ እንደዚያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም።

ዓሣው ተጠብሶ ቀረበ። የአዳማው ልጅ እሾህ መልቀም አያውቅበትም፤ ጉሮሮው ላይ እንዳይቀርበት እየፈራ በጥፍሩ ይነካካዋል። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩት። ከጭንቅላቱ በታች ያዝኩ፣ አከርካሪውን በአውራ ጣቴ ተከትዬ እስከ ጭራው ወረድኩ፣ አንዱን ጎን ሙሉውን አነሣሁት። ቀጫጭኖቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ነጩን ሥጋ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ሳላስበው፣ አጎረስኩት። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ምንም አላለችም፤ ቡና ልታቀራርብ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምቱታላችሁ፦ የስልክ ካርድ፣ የቅዳሜ መንገድ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ፀሐይ ስትጠልቅ መቀመጥ፣ ሽማግሌ፣ በ2010 ዓ.ም. ሠርግ። እኔ ግን ልቤ የሄደው ያን ቅዳሜ በር ስከፍት ነው እላለሁ። ማንም ያልያዘበትን ቃል ይዞ የመጣ ሰው እንዴት አይወደድ?

እናቴ ካረፈች ይህ ሦስተኛ ገናችን ነው። በቤታችን ገና ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው የፍስክ ቀን ዓሣ መሥራት አልቀረም። ዘንድሮ በዓሉ ረቡዕ ስለሆነ፣ ሐሙስ ይሠራል። ባለቤቴ ማልዶ አሞራ ገደል ይወርዳል። እትዬም ለገብርኤል እንደመጡ አሉ፤ አልለቀቅናቸውም። ዓይናቸው ስለደከመ እሾሁን አሁን የምለቅመው ለእሳቸው ነው።