በድሬ ዳዋ አልበሞች ውስጥ ያለው ጄት የትኛው ነው?

ድሬ ዳዋ ውስጥ አየር ኃይል ያገለገለ አባት ወይም አጎት ካለ፣ ጄት ተደግፎ የተነሳው ፎቶ ከአልበሙ አይጠፋም። ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ «ሐረር፣ 1970» ወይም «ከሚጉ ጋር» የሚል ይኖርበታል። ልጆች ፎቶውን በስልክ አንስተው ሲለጥፉት ጽሑፉም እንዳለ ይገለበጣል፤ ስህተት ከሆነም ስህተቱ አብሮ ይሰራጫል። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት አውሮፕላኑ ይታይ። አውሮፕላን መቼ እንደተሠራና ማን እንደታጠቀው ስለሚታወቅ ፎቶውንም ዓመት ያስይዘዋል።

ከዓመቱ እንጀምር። በእጅ የተጻፈ 1970 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የኦጋዴን ጦርነት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን ገና የጃንሆይ ዘመን ነው። አንዳንድ የፎቶ ወረቀት ዳሩ ላይ ማጠቢያ ቤቱ ያተመው የፈረንጅ ዓመት ስላለው ሁለቱ እንዳይምታቱ። የአሜሪካው ተዋጊ ጄት ኤፍ-5ኢ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ማለትም በኦገስት 1972 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ኤፍ-5ኢ ከሆነ፣ 1970 የሚለው የፈረንጅ ሊሆን አይችልም። ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያ ሚግ-21 የሰጠችው ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ፣ ማለትም 1970 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ነው። «ሐምሌ 1969» የተባለበት ሚግ-21 ካለ ወይ የሶማሊያ ነው፣ ወይ ቀኑ ተሳስቷል። ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመር እንዳይረሳ። በዚያ ጦርነት የአንድ ዓመት ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሐምሌ 1969 ላይ የተጀመረው መጋቢት 1970 ላይ አብቅቷል።

«ሐረር» የሚለው ጽሑፍ ከሁሉ የበለጠ ያሳስታል። የአየር ኃይሉ ዋና ምድብ ሐረር ሜዳ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ሐረር ከተማ የነበረው አካዳሚ የምድር ጦር መኮንኖች የሚሰለጥኑበት ነበር። ጄት ያለበትና «ሐረር» የተባለ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሐረር ሜዳ ስለሚሆን፣ ሐረር ከተማ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከኋላ የሚታየውን መሬት መርምሩ። ከድሬ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ወደ ሐረር የሚወጣው ደረቅ የተራራ ሰንሰለት ይታያል፣ ሜዳው ግራርና አሸዋ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የረር ተራራ አለ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ኤፍ-5ኤን (ከዚህ በኋላ «ኤው») ከኤፍ-5ኢ («ኢው») ወደ መለየቱ። ኢትዮጵያ ኤፍ-5ኤን መረከብ የጀመረችው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢ ሞዴሉ የመጣው በንጉሡ ሥርዓት መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የክንፍ ጫፍ ነው፤ ኤው ብዙ ጊዜ የነዳጅ ጋን፣ ኢው የሳይድዋይንደር ሚሳይል ማንጠልጠያ አለው። ይህ ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ኤውም ሚሳይሉን ክንፉ ጫፍ ላይ መሸከም ይችላል። የሚታመነው ክንፉ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ ነው። ኢው ላይ ከክንፉ ፊት ለፊት ወደ አፍንጫው የሚዘልቅ ሰፊ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ኤው ላይ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ቀጥሎ ከጅራቱ ቀደም ብሎ የገላውን ጎን እዩ። እንደ መስኮት መዝጊያ የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎች ካሉ ኢው ነው። አፍንጫውም ይረዳል፤ ኢው ራዳር ስላለው ወፈር ይላል፣ ኤው ራዳር ስለሌለው ሹልና ቀጭን ነው። ሁለት መቀመጫ ኖሮት አፍንጫው ላይ መድፍ ከሌለ ኤፍ-5ቢ ነው።

እነዚያ ሰሌዳዎች ተጨማሪ አየር ማስገቢያ ናቸው፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ተከፍተው ለሞተሩ አየር ይጨምሩለታል። ለድሬ ዓይነት ማረፊያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ከ2,100 ሜትር በላይ ካለ ሜዳ እንደሚነሳ ያህል ይቸገራል። የኤው ጄ-85-13 ሞተር በሙሉ ኃይሉ፣ ከኋላ ነዳጅ እያነደደ፣ 1,850 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ የኢው ጄ-85-21 ደግሞ 2,270 ገደማ። ሁለቱም አውሮፕላኖች ሁለት ሁለት ሞተር አላቸው።

አፍንጫቸው ላይ አየር ማስገቢያ አፍ ያላቸው ጄቶች ሁሉ «ሚግ» ይባላሉ፣ ይህ ግን ልክ አይደለም። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበረው የአሜሪካው ኤፍ-86 ሴበርም እንዲሁ ነው። በሴበሩ አግድም የጅራት ክንፍ ከገላው ላይ ይነሳል፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መትረየስ አለ። ሚግ-17 ላይ አግድሙ ክንፍ በቋሚው ጅራት ወገብ ላይ ተሰቅሏል፣ የማስገቢያው አፍም መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፣ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት የቆሙ ሰሌዳዎች አሉ። ሚግ-21ን ከአፉ መሃል በሚወጣው ሾጣጣና በሦስት ማዕዘን ክንፉ ታውቁታላችሁ። ሚግ-23ቢኤን አፍንጫው ወደ ታች ያዘቀዘቀ፣ አየር ማስገቢያው በጎኖቹ ነው። ቲ-33 ደግሞ ቀጥ ያለ ክንፍና የክንፍ ጫፍ ጋን ያለው የማሰልጠኛ ጄት ነው።

ኔጋቲቭ ተገልብጦ የታተመ ፎቶም ያጋጥማል። ጽሑፍ ወይም ቁጥር ካለበት ወዲያው ይታወቃል። ከሌለበት የሰውየውን ሸሚዝ እዩ፤ የወንድ ሸሚዝ የግራው ጠርዝ ከላይ ይውላል። አውሮፕላኑም ይናገራል። ሚግ-17 ባለ 37 ሚሊ ሜትሩ አንድ መድፍ በአብራሪው ቀኝ፣ ሁለቱ 23 ሚሊ ሜትሮች በግራው ናቸው። የኋለኞቹ ሚግ-21 ሞዴሎች የኮክፒት ክዳን ወደ አብራሪው ቀኝ ይከፈታል። ወደ ግራ የተከፈተ ካያችሁ ፎቶውን ገልብጡት።

ለመለየትም ለማቆየትም ቅጂው ጥሩ መሆን አለበት። የታተመ ፎቶ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች)፣ 35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ በ2,400 እስከ 3,200 ይቃኝ፤ ዋናው ፋይል ቲፍ ይሁን፣ ለመላኪያ ብቻ ጄፔግ። ስካነር ከሌለ በስልክ ይቻላል፦ ፎቶው ጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጥ፣ ብርሃን ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ ይምጣ፣ ፍላሽ ይጥፋ፣ ስልኩ ከፎቶው ወለል ጋር ትይዩ ይሁን። ጀርባውም ይነሳ፤ ስህተት ያለበት ጽሑፍ እንኳ የእጅ ጽሑፉ ማስረጃ ነው። ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተጣበቀን ፎቶ በጥፍር አትላጡ፣ የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ክሩ ከያዘ ተዉት፣ ከነገጹ አንሱት። በውሃ ወይም በአልኮል አይጠረግም። ፒቪሲ ፕላስቲክ ፎቶን ስለሚጎዳ የፖሊስተር ወይም የወረቀት ኤንቨሎፕ ይሻላል። ቀለማቸው ወደ ቀይ ያደሉት የ1970ዎቹ ዓ.ም. የቀለም ፎቶዎች ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ የመደብዘዛቸው ምክንያት የሲያን (አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ) ቀለሙ መጥፋት ነው፣ የድሬ ሙቀትም ያፋጥነዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሣጥን አውጥታችሁ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ግድግዳ ዘንድ አኑሯቸው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዛሬ በድሬ ማረፊያ የወታደር ክፍል ላይ ያለ ፈቃድ ካሜራ ማንሳት አይገባም። ይህ ሥራ በአልበም ላይ የሚሠራ ነው።

በመጨረሻ መግለጫው ሲጻፍ የታየው ከተገመተው ይለይ። «ኤፍ-5ኢ፣ በክንፉ መነሻ ሰፊ ሦስት ማዕዘን፣ ቁጥሩ አይነበብም፤ ቦታ፦ ድሬ ሊሆን ይችላል፣ ከተራራው» በቂ ነው። ቁጥሩ በግልጽ ካልተነበበ «የአብራሪው የለገሠ ተፈራ አውሮፕላን» ብሎ መጻፍ አይገባም። ሚጎችን የጣለውና በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት የቆየው ሰው ታሪክ ልክ በሆነ ማስረጃ ሊያዝ ይገባዋል። ምልክቶቹ ካልተስማሙ «ያልተለየ» ብላችሁ ፋይሉን አስቀምጡ፤ ከሌላ ቤት አልበም ያው ጅራት ከነቁጥሩ ሊወጣ ይችላል።