«መብራት ሄዷል፣ ውረድ በለው»

የሳይት ኃላፊያችን ያን ሌሊት የተናገራት ቃል ይህች ናት። ትዝ ባለችኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለሹፌሩ አዝኖ፣ ቶሎ ይውጣ ብሎ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ያን ሌሊት ሰው ሊሞትብን የነበረው በደግነት ነው።

ሳይታችን ካዛንቺስ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ትልልቆቹ ጎዳናዎች ላይ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ገመድ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ እኛ አጥር ላይ ግን 15 ሺህ ቮልት የተሸከሙ ሦስት ራቁት ሽቦዎች ዛሬም ያልፋሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ከላይ የሚስበው 750 ቮልት መሆኑን ያወቀ ልዩነቱ ይገባዋል። አሸዋና ጠጠር የሚገባልን ሌሊት ነው። ሽቦው በጨለማ አይታይም፤ ሲኖትራክ መጫኛውን ሲያነሳ ደግሞ ከ7 ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል።

ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አሸዋውን እየገለበጡ ሳለ መጫኛው ሽቦውን ነካ። ጧ! አለ፤ ግቢው በሰማያዊ ብርሃን ተሞላ፣ ከኋላ ጎማዎች ሥር ጭስ ተነሳ፣ ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ሞተሩም ጠፋ።

ረዳቱ ሸበጥ ተጫምቷል፤ ዝናብ ስለጣለ መሬቱ ርጥብ ነው። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ሊሮጥ ሲል ጃኬቱን ይዤ አስቀረሁት። አንዱ የቀን ሠራተኛ ደግሞ አጣና ተሸክሞ ሽቦውን ሊያላቅቅ መጣ። ውሃ የጠጣ የባሕር ዛፍ አጣና! «ጣለው!» አልኩት፤ ደግነቱ ሰማኝ።

ወዲያው የጋቢናው በር ተከፈተ። በባትሪ ሳበራ የሹፌሩ ግራ እግር ደረጃው ላይ ነው፣ እጃቸው የበሩን እጀታ እንደያዘ።

«ጋሼ፣ እንዳይወርዱ!»

«መኪናው ሊነድ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«እስካሁን እሳት የለም፤ ጭስ ነው። እሳት ከታየ እኔ እነግርዎታለሁ፣ ያኔ ይዘላሉ። አሁን እግርዎን ያስገቡ፣ በሩን ይዝጉ።»

«እስከ መቼ?»

«መስመሩ እስኪቆረጥ።»

እግራቸውን ሰበሰቡ። በሩን ግን አልዘጉትም፤ እኔን ይመኑ ወይስ ጭሱን፣ ልባቸው ተከፍሏል። ኃላፊው የደረሰው በዚህ መሃል ነው። «ምን እያደረግህ ነው? የቆመው ጎማ ላይ አይደል እንዴ? መብራትም ሄዷል፣ ውረድ በለው!» አለኝ፣ ሹፌሩ እየሰሙት።

«ኢንጂነር፣ የሄደ መብራት ተመልሶ ይመጣል» አልኩት።

እሱ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት መብራቱ መጣ። ከአጥሩ ማዶ ካለችው ግሮሰሪ ሰዎች «መጣ!» ብለው ጮሁ። በዚያው ቅጽበት መጫኛው ላይ እሳት ብልጭ አለ፣ መሬቱ ጎማው ሥር ጢስስ ብሎ ጮኸ፣ ሰፈሩ እንደገና ጨለመ። ሹፌሩ በሩን ጓ አድርገው ዘጉት። ኃላፊው አንድም ቃል አልወጣውም።

ከዚህ በፊት መስመር ዝርጋታ ላይ ሠርቻለሁ። እዚያ በመጀመሪያ የሚያስተምሩህ ይህንኑ ነው። መስመሩ ችግር ሲገጥመው ራሱን ይቆርጣል። ችግሩ ግን አላፊ ሊሆን ይችላል፤ ቅርንጫፍ ነክቶት ወይም ወፍ ሁለት ሽቦ በአንዴ ነክታ ይሆናል። ስለዚህ መልሶ ይሞክራል፤ በራሱ መሣሪያ ወይም በሰው እጅ። ሽቦው ላይ የተሰቀለው መኪና ይሁን ቅጠል አያውቅም። እኛ መብራት ሲሄድ ሻማ መፈለግ እንጂ መፍራት አልለመድንም፤ ጨለማውን እንደ ደኅንነት ያየነው ለዚህ ይመስለኛል።

የጎማውም ነገር እንዲሁ ነው። ጎማ ውስጥ ካርቦንና የብረት ሽቦ አለ፤ 15 ሺህ ቮልት አያቆምም። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ የተረፉት ከመኪናው ብረት ጋር በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለነበሩ ነው። አንድ እግራቸው መሬት ነክቶ እጃቸው በሩን እንደያዘ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ በሰውነታቸው ያልፍ ነበር። መሬቱም ራሱ አይታመንም። ኤሌክትሪኩ ከጎማው ወደ አፈሩ ሲሰራጭ ቅርብ ያለው ቦታ ቮልቴጁ ከፍተኛ፣ ራቅ ያለው ዝቅተኛ ነው፤ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው ሁለት እግሩ በሁለት የተለያየ ቮልቴጅ ላይ ያርፋል። መኪናው እሳት ይዞ የግድ መውጣት ከመጣ ሁለት እግር ገጥሞ፣ መኪናውን ሳይነኩ መዝለል፣ ከዚያም እግር ሳይለያዩ በትንሽ በትንሹ እየዘለሉ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ነው። ሊረዳ የሚሮጠው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናውን ሳይነካ።

905 ደወልን። የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ቆረጡ፣ በመሣሪያ ፈተሹ፣ ሽቦዎቹን መሬት አስያዙ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ይውረዱ» ያሏቸው። ጋሼ ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ረዳቱ አቅፎ ደገፋቸውና አብሯቸው አለቀሰ። መኪናውን እናንሳ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ የጋለ ጎማ ከሰዓታት በኋላም፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ ሊፈነዳ ስለሚችል ዙሪያውን አጥረን አሳደርነው።

በማግስቱ ኃላፊው «መብራት ተቋርጦ ነበር፣ የደረሰ ጉዳት የለም» የሚል ሪፖርት አምጥቶ ፈርም አለኝ። አልፈረምኩም። ከሥሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ መብራቱ ሄዶ መመለሱን፣ ሹፌሩ ውረዱ ተብለው እንደነበር። «ስሜን ልታጠፋ ነው?» አለኝ። ስሙን አልጻፍኩም፣ እዚህም አልጠቅስም። ለሚቀጥለው ሹፌር ግን ያ ወረቀት ያስፈልገዋል።

አሁን አሸዋ የሚገለበጠው ከሽቦው ርቆ በጀርባው አጥር በኩል ነው። የቀን ሠራተኞቹ በባሬላ የሚያመላልሱት መንገድ ረዝሞባቸው ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከባድ ነው። ሰው እንዲጨመርላቸው ጠይቄ እስካሁን አንድ ተጨምሯል፤ ለሁለተኛው ገና እየተሟገትኩ ነው።