ፍርሃቴን ይዤ ሐረጎን ወረድኩ

ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ሐረጎን ያውቃል። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው፣ ከከተማ ከተማ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል። ምራቅህን ስትውጥ "ጧ" ብሎ ይከፈታል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ይመጣና ገደሉንም መንገዱንም አንድ ያደርገዋል። ስንቱ ሰው በየቀኑ እየተመላለሰ ይሠራበታል፣ እንቅልፉንም ይለጥጥበታል። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አልረገጥኩትም።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ከተማውን ጥለን ስንወጣ የሄድነው በዚሁ መንገድ ነው። በእግር፣ ልጅ አዝሎ ፍራሽ ከተሸከመው ሕዝብ ጋር። የሚገርመው ያን ቀን አልፈራሁም። ፍርሃቱ የመጣው ከተመለስን በኋላ፣ ኑሮ ረጋ ካለ በኋላ ነው። በ2015 ኅዳር ላይ፣ ተራ ማክሰኞ ቀን። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት አለችኝ፤ ያተምኩትን የሠርግ ካርድ ላደርስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ልቤ መደለቅ ጀመረ። እጄ ደነዘዘ። አየር አነሰኝ። "አውርዱኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ መኪና የሚያመኝ መሰለው፤ አንዷ እናት ሎሚ ሰጡኝ፣ ረዳቱ ፌስታል አቀበለኝ። እኔ ግን እየሞትኩ ነበር፣ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ልቤ ታየ፣ ግፊቴ ተለካ፣ ደሜ ተመረመረ። ምንም የለም፣ ጭንቀት ነው ተባልኩ። (እናንተም እንዲህ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ታዩ፤ እውነተኛ የልብ ሕመምም እንደዚሁ ያደርጋል።) እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጎረቤቶች "ዓይን ነው" አሉ፣ ዱአም ተደረገልኝ። ወሎ ላይ በዚህ ማንም አይሰስትም፣ ሁሉንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። የራሴ መድኃኒት ግን ሌላ ነበር፦ አለመሄድ።

አለመሄድ ለጊዜው ደስ ይላል። ቀረሁ ስትል ወዲያው ትንፋሽህ ይመለሳል። ችግሩ ግን ፍርሃት እንደ ክፉ ተከራይ ነው፤ አንድ ክፍል ስትሰጠው ሳሎኑን ይጠይቅሃል። መጀመሪያ ሐረጎን ተውኩ። ከዚያ የሚኒባስ የኋላ ወንበር። ከዚያ የባንክ ሰልፍ። ከዚያ ሰኞ ገበያ ግርግሩ ከበደኝ። በመጨረሻ ኑሮዬ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ሆነ፤ ሰው ሲጠይቀኝ "ሥራ በዝቶብኝ" እላለሁ።

በ2016 ግንቦት አጎቴ አረፉ።

የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ለወሎ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። የመጀመሪያዋን ፕሪንተሬን በግ ሸጠው የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ስልኩ የተደወለው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ሙስሊም ሲሞት ደግሞ ቀብሩ አያድርም። ለባብሼ መናኸሪያ ደረስኩ። አንድ እግሬን ሚኒባሱ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ያቺ እግር አሁንም ትታየኛለች፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ። ረዳቱ "ኮምቦልቻ አንድ ሰው! ወንድም፣ ትገባለህ አትገባም?" አለኝ። እግሬን አወረድኩ። ወደ ቤት ተመልሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ለአጎቴ ሚስት ደውዬ "ሆዴን ክፉኛ አሞኝ ነው" አልኩ። የቅሬው ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ከባቲ ድረስ የመጣ ዘመድ ሲቀብራቸው፣ ያሳደጉት ልጅ ደሴ ተኝቶ ነበር።

እትዬ አልተቆጡኝም። "አብሽር ልጄ፣ ጤናህን ጠብቅ" አሉኝ። ይባስ ብለው በሚመጣ ሰው እጅ ለሆዴ የሚሆን የተፈጨ አብሽ ይልኩልኝ ጀመር። ያ ማሰሮ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ሳይኮሎጂ የተማረ የድሮ የክፍል ጓደኛ አለኝ። በ2017 መስከረም ሰነድ ኮፒ ሊያስደርግ መጣና ወሬ ስንጀምር ሁሉንም ነገርኩት። "ሥነ ልቦናዊ መተጣጠፍ" የሚባል ነገር አነሳልኝ። ቃሉን ስሰማ ጂምናስቲክ መሰለኝ። ሲያብራራው ግን ቀላል ነው፤ የማትወደው ስሜትና ሐሳብ እያለም ቢሆን የሚጠቅምህን ነገር ማድረግ መቻል ማለት ነው። ደንዳና ዱላ ይሰበራል፣ አርጩሜ ግን ይታጠፍና ይመለሳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተውን ሕክምና የጀመረው ስቲቨን ሄይስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው። ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በመምህራን ስብሰባ መሀል እንደኔ ዓይነት ድንገተኛ ፍርሃት ያዘውና መናገር አቃተው። ይህን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሐኪሙንም ይዞታል ማለት ነው። "ይሄ የጠገበ ሰው ሕክምና ነው" ብዬ ልከራከር ስል ጓደኛዬ አስቆመኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ ኡጋንዳ ለሚገኙ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች በቡድንና በተቀዳ ድምፅ ተሰጥቶ ጭንቀታቸውን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥናት ታትሟል። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ያዘዘኝ ነገር አስቂኝ ነው። "ለአምስት ደቂቃ ስለ ጅብ አታስብ" አለኝ። ሰዓት ያዘ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጭንቅላቴ በጅብ ተሞላ። ዳንኤል ዌግነር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ በነጭ ድብ ሞክሮታል፤ ነጭ ድብ ለእኛ ሩቅ ስለሆነ ነው ጓደኛዬ ወደ ጅብ የቀየረው። "አትምጣ ያልከው ሐሳብ ይመጣል። አንተ ሁለት ዓመት 'አልፈራም፣ አልፈራም' ስትል ነው የከረምከው" አለኝ።

ይህ መተጣጠፍ የሚባለው ስድስት ነገሮች አሉበት፦ ስሜትን መቀበል፣ ሐሳብን ነጥሎ ማየት፣ አሁን ያለህበት ላይ መሆን፣ ሐሳብና ስሜትህን የሚያየው "አንተ" ከእነሱ እንደሚሰፋ ማወቅ፣ የምትኖርለትን ነገር መለየት፣ ለእሱ መንቀሳቀስ። አራተኛዋ እስካሁን በደንብ አልገባችኝም፣ ስለዚህ ስለ እሷ አልዋሽም።

ለእኔ በጣም የሠራው ሐሳብን ነጥሎ ማየት ነው። "ልሞት ነው" ሲለኝ፣ "ልሞት ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ" እላለሁ። ያችን ጭራ ስትጨምርባት ነገሩ ፍርድ መሆኑ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ሌላው ዘዴ ሐሳቡን መዝፈን ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውም የእኛው ነው፣ ትዝታም ቢሆን ያለ ወሎ አይታሰብም፤ ታዲያ ሱቅ ዘግቼ ማታ ማታ "ልሞት ነው፣ ልሞት ነው" እያልኩ በባቲ አንጎራጉር ነበር። ድምፄ የአህያ ነው። ራሴን አሳቀኝ። በትዝታ ግን አትሞክሩት፣ ያስለቅሳል።

መቀበል የሚለው ላይ ግን በጣም ተከራክረናል። እኛ አገር "ቻለው" የሚባል ነገር አለ። ዋጥ አድርገው፣ ወንድ ልጅ አይፈራም፣ ዝም በል። እኔ መቀበል ሲለኝ ይሄው "ቻለው" ነበር የተሰማኝ። አይደለም። "ቻለው" ስሜቱን አፍኖ ፊትን ማሳመር ነው። መቀበል ግን ልቤ ሲደልቅ "ይኸው ደለቀ፣ ደረቴ ግራ በኩል ነው፣ ሞቅ ይላል" ብሎ ማየት ነው፣ ሳይገፉ። የሚበድልህን ሰው ተቀበል ማለትም አይደለም። ይህን ለመለየት ወራት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ከሁሉም የነካኝ ግን አንድ ጥያቄው ነው። "ያን ቀን መናኸሪያ ላይ ምኑ ነው የበለጠ ያመመህ፣ ፍርሃቱ ወይስ መቅረትህ?" አለኝ። መቅረቴ አልኩ። "ቀብር መቅረት የማያመው ሰው ሞልቷል። አንተን ካመመህ የምትኖርለት ነገር እዚያ ነው ያለው" አለ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ "ለሰው የሚደርስ ሰው መሆን።" ከዚያ በፊት ግቤ "ፍርሃቴን ማጥፋት" ነበር። ፍርሃት ማጥፋት የሞተ ሰው ግብ ነው፣ እሱ ከማንም በላይ ያሳካዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ነው፣ ቶሎ ልለፈው። አንድ ሳምንት መናኸሪያ ሄጄ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ወረድኩ (ረዳቶቹ አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም)። ከዚያ ከተማው ውስጥ በታክሲ፣ የኋላ ወንበር ላይ። ከዚያ ጎረቤት ለቅሶ መድረስ፣ ደንኳን መትከል ላይ ማገዝ። ታኅሣሥ ላይ ሐረጎን ሞከርኩና አልቻልኩም፣ መሀል ላይ ወርጄ በአይሱዙ ተመለስኩ። ያን ቀን ሁሉንም ነገር ልተው ነበር። ጓደኛዬ ስደውልለት "እስከ የት ደረስክ?" ብቻ ነው ያለኝ። ግማሽ መንገድ። "አምና ግማሽ መንገድ ደርሰህ ነበር?" አልደረስኩም ነበር።

ሐምሌ 2017 ላይ ወጣሁ። ጉም ነበር። ጉም ባለበት ቀን መሄድ አላሰብኩም፣ ደሴ ስነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መውረድ ስንጀምር መስታወቱ ነጭ ሆነ። ልቤ ጀመረ። እጄ ደነዘዘ። "ልሞት ነው የሚል ሐሳብ መጣ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ተቀመጥ፣ ወደ ኮምቦልቻ ነን" አልኩት በሆዴ። የወንበሩን ላስቲክ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ተቀዷል፣ ስፖንጁ ይወጣል። ጆሮዬ ተደፈነ። ምራቅ ዋጥኩ። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ "ሾፌር፣ ጉሙ እስኪገለጥ ብንቆም?" አለ። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ እያሰማ፣ በቀስታ ነው የሚነዳው። "እዚህ ቆሜ ጉም ከጠበቅኩ የኋላው መኪና ይበላኛል። አሥር ሜትር ይታየኛል፣ እሷን ስጨርስ ሌላ አሥር ሜትር አለ" አለና ቀጠለ። ጓደኛዬ አሥር ወር ገደማ የለፋበትን ሰውዬው ሳያውቀው ጨረሰው።

ፍርሃቱ እስከ ታች አብሮኝ ወረደ። አልጠፋም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲመታኝ ሹራቤን አወለቅኩ፣ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቃብራቸው ጋ ከልጃቸው ጋር ሄድን። ብዙ አልቆየሁም። ቤት ስገባ እትዬ ቡና አቅርበው ነበር፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ላይ አላስቻለኝም። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ቀን ሆዴን አሞኝ አልነበረም። ሐረጎን ፈርቼ ነው" አልኩ።

ጀበናውን አስቀመጡ። አዩኝ።

"ያ ረቢ! እኔም እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሻገረው፣ አጎትህም ያውቅ ነበር፣ እጄን ይይዘኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ዝም አልን። ከዚያ ከአጠገባቸው ክዳን ያለው ብርጭቆ አንስተው ወደ እኔ ገፉት። ለሆዴ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጁት አብሽ ነው።

"ለማንኛውም ተበጥብጧል፣ ጠጣው" አሉኝ።