ስንት ናችሁ?

ነሐሴ ሲገባ እኔም አብሬው እጨልማለሁ። ዝናቡ ይሁን፣ ጾሙ ይሁን፣ ወይ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ መቀመጡ፣ እንጃ። ብቻ ድብር ይለኛል። ዓርብ ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ጭጋጉን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። በዕለቱ የቀረችኝ ተስፋ ምሳ ነበረች። ከጓደኞቼ ጋር፣ ያው ከተለመዱት ጋር። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ስንመካከርበት የከረምነው የጾም ምሳ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። አንዷ ልጇን አሞባታል። ሌላው "መንገዱ ተዘግቷል" አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም፤ ሁልጊዜ የሆነ መንገድ ተዘግቷልና ማንም አይከራከርህም። ሦስተኛዋ ጭራሽ ቃል አልተነፈሰችም። አውራ ጣት ብቻ ላከች። እመጣለሁ ማለቷ ይሁን ቅሪ ማለቷ እስካሁን አልገባኝም።

ጃንጥላዬን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። እኔ የምጾመው ከጥሉላት እንጂ ከምሳ አይደለም።

"ስንት ናችሁ?" አለችኝ አስተናጋጇ በሩ ላይ።

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሰው ትጠብቂያለሽ?"

"አልጠብቅም።"

"እሺ፣ ሲመጡ ወንበር እንጨምራለን" አለችና እጅ መታጠቢያው አጠገብ አስቀመጠችኝ። ክፋት አልነበራትም። ብቻዋን በያይነት ልትበላ ከቤቷ የወጣች ሴት አልታየቻትም፣ በቃ። በኋላ ሳስበው እኔም በቦታዋ ብሆን እንደዚያው እጠይቅ ነበር።

በያይነቱ መጣ። ቀይ ምስር፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ ሱፍ ፍትፍት፣ መሀል ላይ ሽሮ። ሁሉም አለ። ግን ጭቅጭቁ የለም። በያይነት ሰው ሲኖር እኮ ድርድር ነው። ሱፉ ትንሽ ነው፤ ማን ይጨርሰው? ስልጆ የሚወድ አለ? ቃሪያዋን የወሰድከው አንተ ነህ? እያንዳንዱ ከፊቱ ይበላል፤ ወደ ሰው ፊት እጅ መስደድ ነውር ነው። ስለዚህ ከፊትህ የቀይ ሥሩ ጥግ ደርሶህ ሱፉ ማዶ ከሆነ፣ ወይ የሚያዝንልህ ሰው ያስጠጋልሃል ወይ ቀይ ሥር ወዳጅ ትሆናለህ። እኔ ቀይ ሥር የለመድኩት እንደዚያ ነው። በልጅነቴ የመቀመጫዬ ነገር ሆኖ።

ዓርብ ግን ሙሉ ትሪው የኔ ነበር። ከፈለግኩት ጥግ መጀመር እችላለሁ። ሱፉን ከሽሮው አስቀድሜ ብጨርሰው ማንም አይገላምጠኝም። እንዲህ ያለ ነፃነት ይዤ ከቀይ ሥሩ ጀመርኩ።

የኛ ምግብ አንድን ሰው አስቦ የተሠራ አይመስለኝም። ይህቺ ሐሳብ እዚያ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ገብታብኝ እስከ ትናንት አልለቀቀችኝም።

እስቲ ዶሮ ወጥን ውሰዱ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ከዚህ በታች የሚያበስል ሰው ዶሮ ወጥ ሠራሁ አይልም። በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ተገፎ፣ ነጭ እስኪሆን ተለቃልቆ ያልቃል። ሽንኩርቱ ደግሞ በኪሎ ነው። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ይቁላላል። ቸኩለህ ቅባት ከጨመርክበት ሳይሟሟ ይቀርና ወጡ ውስጥ አፍጥጦ ያይሃል። ከዚያ በርበሬው፣ ውሃ ጠብ እያሉ ማብሰሉ፣ ቅቤው፣ ብልቶቹ፣ መከለሻው፣ እንቁላሉ። ግማሽ ቀን ሄደ። የትም ሬስቶራንት የእናት ቤት ዶሮ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሬስቶራንት በጥብስ ያሸንፈናል፣ በቁርጥ ያሸንፈናል፣ እሳቱና ሥጋው ከኛ ይሻላል። ሽንኩርት ላይ ግን ያን ያህል ሰዓት የሚቆም ወጥ ቤት ከየት ይመጣል?

ቤትም ቢሆን ለማን ተብሎ ይቆማል? ያለፈው ፋሲካ ትዝ ይለኛል። ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን በእልህ ሙሉ ዶሮ ሠራሁ። ሲደርስ ችግር ተፈጠረ፤ ፈረሰኛውን ማን ይብላ? እናቴ ቤት ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ፈረሰኛ ለአባወራ ነው። መላላጫ ለእንግዳ ነው። ክንፍና አንገት ጓዳ ላደሩት ሴቶች። በነገራችን ላይ እናቴ ሁልጊዜ ክንፍ ነው የምታነሳው። ለኛ ስትል ነው ብዬ ለዓመታት አንጀቴን ስትበላኝ ኖራ፣ ደሞዝተኛ የሆንኩ ጊዜ ፈረሰኛውን ባቀርብላት ተቆጣች። ክንፍ ትወዳለች፣ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

እና የዚያን ሌሊት አባወራውም፣ እንግዳዋም፣ የጓዳዋም ሴት እኔ ነበርኩ። ፈረሰኛውን በላሁት። ደረቅ ሥጋ ነው። ያ ሁሉ ክብር ለዚህ ነበር እንዴ?

የቀሩት ብልቶች ፍሪጅ ገብተው ዳግማይ ትንሣኤን አብረውኝ አከበሩ።

እንጀራም እንደዚሁ ነው። እርሾ አስቀምጦ፣ አቡክቶ፣ ቀናት ጠብቆ፣ አብሲት ጥሎ፣ ያን የሚያህል ምጣድ አግሎ ለአንድ ሰው የሚጋግር ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ከሱቅ ነው የምገዛው፣ ያውም ሳይደርቅ አልጨርሰውም። ሲደርቅ ፍርፍር ይሆናል። የብቸኛ ሰው ብሔራዊ ምግብ ምንድነው ብትሉኝ ያለ ማመንታት ፍርፍር እላለሁ። ጠዋት ፍርፍር፣ ማታ ፍርፍር፣ በጾም በዘይት፣ በፍስክ በቅቤ።

ፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴል ታሪክም በዚሁ ትዝ አለኝ። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲያስከፍቱት የከተማው ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላትን ነውር አድርጎ ስላየው ድርሽ ሳይል ቀረ ይባላል። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አለማመዱት ይባላል። ይህን ታሪክ የሚተርኩልኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይስቃሉ። የድሮ ሰው አልሠለጠነም ለማለት። እኔ ግን ያልመጡት ሰዎች ይገቡኛል። እህል የሚበላው ከሰው ጋር፣ በሰው ቤት፣ "ብላ እንጂ" እየተባለ ነው። እንግዳ ገብቶ በልቶ፣ ስንት ነው ብሎ ሊወጣ ነው? ደግሞስ ማን ያጎርሰዋል?

የሚገርመው እዚያው ሆቴል በኋላ ዘመን በጾም ቡፌው ታወቀ። ሳህንህን ይዘህ ትሰለፋለህ፣ የምትፈልገውን ታነሳለህ፣ ጥግህን ትይዛለህ። ቡፌ ማለት ለኔ እንደ ታክሲ ወረፋ ነው፤ ሁሉም አብሮ ቆሞ ሁሉም ብቻውን ይሄዳል። ግን ለብቸኛ ሰው ይመቻል። ማንም ስንት ናችሁ አይልህም። ሳህንህን ያዩና ይገባቸዋል።

ለአንድ ሰው የሚመቹ ነገሮችን መዝገብ ማውጣት ጀመርኩ። ከላይ ማኪያቶ አለ። ከጣሊያኖቹ ከወረስነው ሁሉ እንደሱ ለብቸኛ ያዘነ የለም። ፒያሳ ቶሞካ በፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ሰውን አቁሞ ሲያጠጣ ኖሯል። ቆመህ ስትጠጣ ብቻህን መሆንህ አይታወቅም፤ የቸኮልክ ነው የምትመስለው። የኛን ቡና ደግሞ እዩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ብቻዬን እስከ በረካ ደርሼ አላውቅም። ቶና ላይ ሲኒውን አጥባለሁ።

ፉልም ደህና ነው። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ጠዋት ጠዋት የምሄድባት ጠባብ ቤት ነበረች። አግዳሚው የጋራ ስለሆነ ብቻህን ብትመጣም ከማታውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትበላለህ። ሰውዬው ዳቦውን ያስጠጋልሃል፣ አንተ ጨውን ታቀብለዋለህ፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያች ያለ ቤት አላገኘሁም። ባለቤቷ ወዴት እንደሄዱም አላውቅም።

ክትፎን ረስቼው። ክትፎ በጣባ ስለሚቀርብ የራስህ ድርሻ የራስህ ነው። አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቆጮው በአጠገቡ። ጥሬ ይሁን ለብ ለብ ከማንም ጋር መስማማት አይጠበቅብህም። ጉራጌዎች ይህን ነገር ያሰቡበት ይመስለኛል። ጾሙ ይፈታና እመለስበታለሁ። አሁን ስለ ክትፎ ማሰብም ኃጢአት ነው።

ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በዚህ ሁሉ ትስቅብኛለች። "አንቺ ገና አሁን ነው የነቃሽው" ትለኛለች። እሷ እሑድ እሑድ ለሳምንቱ ታበስልና በፕላስቲክ ዕቃ ከፋፍላ በረዶ ቤት ትከተዋለች። ምስር፣ ምንቸት አብሽ፣ ዶሮ፣ ሁሉም ላዩ ላይ ቀን ተጽፎበታል። ከዚህ ስትሄድ ሻንጣዋ ግማሹ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ነበር። የሷ የምሳ ሰዓት የኔ እራት ላይ ስለሚውል አንዳንዴ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ አብረን እንበላለን። ማለቴ፣ እኔ እበላለሁ፣ እሷ ታኝካለች፣ መስመሩ ይቆራረጣል። አንድ ጊዜ እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታ "እንኪ" አለችኝና እኔም አፌን ከፈትኩ። ያው ቪዲዮው ቆመ። አፌን እንደከፈትኩ የቀረሁበትን ምስል እስካሁን በልደቴ ቀን ትልክልኛለች።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይላሉ። ይሄ ተረት በተለይ በክረምት ደስ አይለኝም። ደግሞ እውነት ለመናገር የድሮ ነገሥታት ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ሕዝቡ ግብር ሲበላ አዳራሽ ሞልቶ ነው፤ ንጉሡ ሲጎርስ ግን ማንም እንዲያየው አይፈለግም። ዓይን ይፈራል። አያቴም ሌማቱን ትሸፍን የነበረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ በታሪካችን ከሕዝብ ተለይቶ የሚበላው ወይ ንጉሥ ነው ወይ ባሕታዊ ነው። እኔ እጅ መታጠቢያው አጠገብ የተቀመጥኩት ከሁለቱ የትኛዋ ሆኜ ነው? በዚያች አስተናጋጅ አስተያየት ባሕታዊዋ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ትናንት ማታ ራበኝ። ሽሮ ሠራሁ። ለአንድ ሰው አሳንሰህ ብትሠራው የማይቀየምህ ሽሮ ብቻ ነው። ሽንኩርት በደንብ አድቅቄ አቁላላሁ፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ውሃ። ውሃው ሲፈላ ሚጥኑን በእጄ እየነሰነስኩ ማማሰል ነው፤ በአንዴ ከደፋኸው ይጓጉልብሃል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ መተው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ጥሬ ጥሬ የሚል ነገር ይበላል። ሽሮ ተንተክትኮ፣ ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ብቅ ሲል ነው የሚወጣው። ምድጃዬን ሳያበላሽ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቃሪያ ጣል አደረግኩና ከነሸክላዋ አቀረብኩ።

ጣፈጠ። እያጋነንኩ ካልሆነ በቀር እንደዚያ የሚጣፍጥ ሽሮ ሠርቼ አላውቅም። እና ጠቅለል ያለች ጉርሻ አዘጋጅቼ ልጎርስ ስል ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ለራሴ።

ጎረስኩ። ከዚያ አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ። ከራሴ ጋር ተጣልቼ ይህን ክረምት አልገፋውም ብዬ ሁለተኛ ጠቀለልኩ። አሁን ግን ተግደረደርኩ። "ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ።" "አፈር ስሆን!" "እውነቴን ነው፣ አልችልም።" "እኔን ካልጠላሽ!" በዚህ ማን እምቢ ይላል? ጎረስኩ። ሦስተኛውን ደግሞ ሳልለመን።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ መቼስ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ከጎን በር ካሉት እትዬ ጋር ተገናኘን። ሰላምታ ተሰጣጥተን ላልፍ ስል ጠጋ ብለው፣ "እንግዳሽ ሄደች እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው፣ "በጠዋት ነው የሄደችው።"

"ምነው፣ ቁርስ እንኳ ሳትበላ?"