ነጩ ወረቀት ከስምንተኛው ሥዕል በኋላ ለምን ቀለሙን ለወጠ?

ተማሪዋ ያመጣችው የአንድ ዓመት የመሠረታዊ ሥነ ጥበብ ኮርስ ሥራዋን ነበር፤ አምስት የቻርኮል (የከሰል) ጥናት በኤ2 ወረቀት፣ ሦስት የእርሳስ ሥዕል፣ ሦስት አክሬሊክ፣ ከአንድ ቅርጽ የታተሙ ሁለት የሊኖ (ሊኖሊየም ላይ ተቀርጾ የሚታተም) ኅትመቶች፣ ሦስት ጥንድ የስኬችቡክ ገጽ። ባጠቃላይ 16 ምስል። ፎቶ ተነሥተው፣ በአንድ ፒዲኤፍ ተሰብስበው፣ ውጭ አገር ላለ ትምህርት ቤት በፖርትፎሊዮነት የሚላኩ ናቸው። ሥራውን የተቀበለው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አነስተኛ ፎቶ ቤት ሲሆን፣ ፎቶ አንሺው ሠርግና ምርቃት ሲያነሣ የኖረ፣ ካሜራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

ፒዲኤፉ ተገጣጥሞ ሲከፈት ግን ነገሩ ፈጠጠ። ከ1 እስከ 8 ወረቀቱ ነጭ ነው። ከ9 እስከ 12 ሰማያዊ ነካ ያደርገዋል። የመጨረሻዎቹ አራቱ ደግሞ ግማሽ ጎናቸው አረንጓዴ ሆኗል። ከሁሉ በላይ ያጋለጡት ሁለቱ ሊኖዎች ናቸው፤ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት የታተሙ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን የሁለት ሰው ሥራ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ የኔ ወረቀት ነው እንዴ?»

«መብራት ሄዶ ነበርኮ የኔ ልጅ። እስኪመጣ ብለን በመስኮቱ ቀጠልን፣ ሲመጣ ጨረስነው።»

ምክንያቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት በሁለት የኤልኢዲ መብራት ተነሡ። መብራት ጠፋ፤ አራቱ በመስኮት ብርሃን ተነሡ። መብራት ሲመለስ ኤልኢዲዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጣሪያው ላይ ያለው ፍሎረሰንትም አብሮ በራ፤ ያጠፋው የለም። መስኮቱም አልተጋረደም። የመጨረሻዎቹ አራት ሥራዎች እንግዲህ ሦስት ዓይነት ብርሃን በአንድ ጊዜ እየወደቀባቸው ተነሡ ማለት ነው።

ዓይን ይህን አያስተውልም። ወረቀቱ ነጭ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አስተካክሎ ያየዋል። ካሜራ ግን የሚወስደው የደረሰበትን ብርሃን እንዳለ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የቤት አምፖል 3000 ኬልቪን ገደማ ቢጫ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ከ6500 ኬልቪን በላይ ሰማያዊ ነው፤ ፍሎረሰንት ደግሞ ከሁለቱም ለየት ብሎ አረንጓዴ ይጨምራል። ዋይት ባላንሱ፣ ነጩን ነጭ የሚያደርገው የካሜራው ማስተካከያ፣ አውቶማቲክ ላይ መተዉ ጉዳቱን አባባሰው። አውቶማቲኩ የሚገምተው ከሥዕሉ ይዘት ተነሥቶ ነው፤ ቻርኮል ግራጫ ስለሆነ ግምቱ ይሠራል፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ዳራ ያለው አክሬሊክ ሲቀርብለት ግን ብርሃኑ ቀይ የሆነ መስሎት ሁሉን ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። አንድ ብርሃን ብቻ ቢኖር እንኳ ቀዩ ሥዕልና ከሰሉ ሥዕል እኩል አይወጡም ነበር።

በኮምፒውተር ይስተካከላል? ከ9 እስከ 12 ያሉት ይድናሉ፤ የብርሃናቸው ምንጭ አንድ ስለሆነ በአንድ እርምት ይመለሳሉ። ከ13 እስከ 16 ያሉት አይድኑም። ግራ ጎናቸው ሰማያዊ፣ ቀኝ ጎናቸው አረንጓዴ ስለሆነ አንዱን ጎን ሲያክሙ ሌላው ይብሳል። 16ቱም እንደገና እንዲነሡ ተወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ጥገናው ከማንሣቱ በላይ ጊዜ ይበላል።

በመስኮት ማንሣት በራሱ ጥፋት የለውም፤ ያለ ወጪ የሚገኝ ጥሩ ብርሃን ነው፤ ከሌላ ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ። ስለ መስኮት ግን አንድ ነገር ይታወቅ። የአውሮፓ መማሪያዎች «የሰሜን መስኮት ምረጡ፣ ፀሐይ አይገባበትም» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። በእነዚያ ወራት ጥላ የሚሆነው የደቡቡ መስኮት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የመጽሐፉ ምክር ልክ ይሆናል።

ዳግመኛው ቀረጻ እንዲህ ተዘጋጀ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋረደ፣ የጣሪያው መብራት ጠፋ። ሁለት ተመሳሳይ መብራቶች፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ከሥዕሉ በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ተኩል ርቀው ቆሙ። መብራት ሲቀርብ የሥዕሉ ዳር ይነጣል፣ መሐሉ ይጨልማል፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ በቅርብ ርቀት ትንሽ ልዩነትም ትጎላለች። አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ የቀለም ታማኝነት መለኪያው፣ ሲአርአይ የሚሉት፣ 95ና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ተራው ብዙ ጊዜ 80 ገደማ ነው፤ ቀይና ቡናማ ይገድላል። በባትሪ የሚሠራ የቪዲዮ ኤልኢዲ ካለ ደግሞ መብራት ቢሄድም ሥራው አይቋረጥም።

ሁለቱ መብራቶች እኩል መሆናቸው በእርሳስ ይፈተናል። እርሳሱን በሥዕሉ መሐል ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው፤ በግራና በቀኝ የሚወድቁት ሁለት ጥላዎች እኩል ከጠቆሩ መብራቱ እኩል ነው። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትይዩ መሆኑ ደግሞ በትንሽ መስተዋት ይታወቃል። መስተዋቱ ሥዕሉ መሐል ላይ ተለጥፎ በካሜራው ሲታይ የሌንሱ ነጸብራቅ መሐል ለመሐል መቀመጥ አለበት። ካልሆነ ሥዕሉ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ይወጣል። በሶፍትዌር ይቃናል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሲቃና ግን ዳሩ ይቆረጣል፣ ጥራቱም ይቀንሳል።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ 50 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የረዘመ ሌንስ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የብርሃን ስሜቱ አይኤስኦ 100፣ የሁለት ሰከንድ ታይመር። የሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ከሃምሳኛ ሰከንድ እንዳይበልጥ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፈጣን ሹተር ያን እንደ ጥቁር መስመር ይቀዳዋል። በስልክ የሚነሣ ከሆነ ወደ ኋላ ርቆ 2 እጥፍ ማቅረብ ይሻላል፤ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በቅርብ የሥዕሉን ጠርዝ ያጎብጣል። የፎቶ አንሺው ልብስም ይታሰብበት፤ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው ወረቀቱ ላይ ቀይ ይረጫል።

መጀመሪያ ግራጫ ካርድ፣ ለቀለም ማስተካከያ የተሠራ ገለልተኛ ግራጫ ወረቀት፣ ይነሣል፤ ዋይት ባላንሱ በእሱ ተቆልፎ እስከ መጨረሻው አይነካም። ነጭ ወረቀትን በካርድ ፋንታ መጠቀም አይመከርም፤ ብዙው ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ካሜራው በራሱ ሲለካ ነጭ ወረቀትን ወደ ግራጫ ስለሚያወርድ ከ1 እስከ 1 ተኩል ስቶፕ ይጨመራል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)፤ በኮምፒውተር፣ 0 ጥቁር 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ፣ ሲለካ ባዶው ወረቀት 240 ወይም 245 ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። 255 ከደረሰ ቀላሉ የእርሳስ ጥላ ጠፍቷል።

ከሁሉ ያስቸገሩት ግን ሁለት ቻርኮሎች ነበሩ። ተማሪዋ እንዳይበተኑ ብላ የፀጉር ስፕሬይ ነፍታባቸዋለች፤ ከቅርብ ስለነፋችው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ደርቋል። በዓይን አይታይም፤ በመብራት ግን ጥቁሩ መሐል ላይ እንደ ቅባት ያበራል። የፀጉር ስፕሬይ ከጊዜ በኋላ ወረቀት ቢጫ ያደርጋል፤ የሥዕል ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ስፕሬይ) ከተገኘ ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ስስ አድርጎ ደጋግሞ መንፋት ነው። ከዚያም የሚሻለው ቻርኮልን ከመንፋት በፊት ፎቶ ማንሣት፤ ፊክሳቲቭ ምንም ጥሩ ቢሆን መካከለኛውን ጥላ ትንሽ ያጨልመዋል። የእርሳስ ሥዕልም ግራፋይቱ ራሱ ስለሚያበራ፣ አክሬሊክም ፊቱ ስለሚያንጸባርቅ፣ መብራቶቹ ከ45 ወደ 30 ዲግሪ፣ ማለት ወደ ግድግዳው ቀረብ፣ ተደረጉላቸው። ከካሜራው ኋላ ጥቁር ጨርቅ ተሰቀለ። ያ ያልያዘውን ነጸብራቅ የሚያጠፋው በመብራቶቹ ፊት የፖላራይዝ ፊልም፣ በሌንሱ ላይ ደግሞ የፖላራይዝ ማጣሪያ አድርጎ ማጣሪያውን ማዞር ነው፤ ዋጋው ግን ለ16 ምስል አያዋጣም።

ስካነርስ? ለሊኖ ጥሩ ነው፤ በመጠን የሚበቃና የደረቀ ከሆነ። ቻርኮል ግን በስካነር መስታወት ላይ አይደፋም፤ ሥዕሉም ይፈገፈጋል፣ መስታወቱም ይቆሽሻል። ሰነድ ስካን የሚያደርጉ የስልክ አፖች ደግሞ ለደረሰኝ የተሠሩ ናቸው፤ ግራጫውን ሁሉ ነጭ ያደርጉና ሦስት ሰዓት የተሠራ ጥላ ይጠፋል።

ስኬችቡኩን በተመለከተ፣ ተማሪዋ ሦስት ጥንድ ገጽ ብቻ መምረጧ ትንሽ ነው። የመሠረታዊ ዓመት ፖርትፎሊዮ የሚመዝን ሰው የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ፣ የተሰረዘውን ሙከራም ጭምር ይፈልጋል። ሲነሣ ቀጭኑ ጎን ሥር መጽሐፍ ተደርጎ ሁለቱ ገጾች እኩል ከፍታ ይያዙ፤ ጠርዞቹ በክሊፕ ይያዙ። መስታወት አይጫንበት፤ ነጸብራቁ ሌላ ጣጣ ነው።

ፋይሎቹ ለተማሪዋ በቴሌግራም ተላኩ፤ እዚህም ሌላ ችግር ተደቅኖ ነበር። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ ረዥም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ እንደ ፋይል የተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ለፒዲኤፉ ረዥሙ ጎን 2500 ፒክስል፣ ጄፔግ 80 ከመቶ ጥራት፣ የቀለም ፕሮፋይሉ (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ ለፕሮግራሙ የሚነግረው መረጃ) አብዛኛው ስክሪን የሚሠራበት ኤስአርጂቢ ተደረገ። በአዶቢ አርጂቢ፣ ሰፋ ባለው ፕሮፋይል፣ የተላከ ምስል ፕሮፋይሉን በማያነብ ፕሮግራም ላይ ደብዝዞ ይታያል።

የመጨረሻው እርማት በመግለጫው ላይ ነበር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ርዕስ፣ ቁስ፣ ቁመት በወርድ በሴንቲሜትር፣ ዓመት ተጽፏል፤ ዓመቱ 2017 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ እዚያ ማዶ ያለ አንባቢ ግን የሰባትና የስምንት ዓመት አሮጌ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የተሠሩት 2024፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት 2025 ተብለው ተስተካከሉ።