የደረሰውን ካሮት ያላነሳው ገበሬ

በብሎክ በሚገነባበት ጨዋታ፣ በማይንክራፍት ጃቫ እትም፣ በአንድ የጋራ ሰርቨር ላይ ያለምንም እንከን ሲሠራ የቆየ አውቶማቲክ የካሮት እርሻ ድንገት ማምረት አቆመ። ወደ መሰብሰቢያው ሳጥን አንድም አዲስ ካሮት አይገባም። እርሻውን የሚንከባከቡት ገንቢዎች ችግሩን ፍለጋ ብዙ ነገር አፈረሱ፣ መልሰውም ሠሩ። ምክንያቱ ግን ከእርሻው ግድግዳ ውጭ ነበር። በቪሌጀር (ጨዋታው ራሱ በሚያንቀሳቅሰው የመንደር ነዋሪ) የሚሠራ እርሻ ያለው ሁሉ ይህ ሊገጥመው ይችላል፤ ምልክቶቹም በጣም አሳሳች ናቸው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። እርሻው የተለመደው 9 በ9 ነው። አንድ የውኃ ብሎክ በየአቅጣጫው፣ ማዕዘኖቹን ጨምሮ፣ እስከ 4 ብሎክ ያለውን የታረሰ አፈር ያረጥባል። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ውኃ ሲቀመጥ በዙሪያው 80 የሚዘራበት ብሎክ ይገኛል። ቪሌጀሩን ገበሬ የሚያደርገው የሥራ ብሎክ፣ ኮምፖስተሩ፣ የተቀመጠው ከውኃው በላይ ነው፤ የሚዘራበትን ቦታ አይሻማም፣ ገበሬውም ውኃው ውስጥ አይገባም። ዙሪያው 2 ብሎክ ከፍታ ባለው መስታወት ታጥሯል፤ ጣሪያውም መስታወት ስለሆነ ብርሃን ያስገባል፣ ዞምቢ አያስገባም። ካሮት ለማደግ ቢያንስ 9 የብርሃን መጠን ይፈልጋል፤ ለሌሊቱ 14 የሚሰጠው ተራ ችቦ በየግድግዳው ተሰክቷል።

የዚህ እርሻ ቁልፍ ያለው ቪሌጀሩ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቪሌጀር 8 የዕቃ ቦታ አለው። ገንቢዎቹ 8ቱንም በካሮት ሞልተውለታል፤ በየቦታው 64፣ በድምሩ 512። ገበሬው የደረሰውን ይነቅላል፣ ከያዘው አንዱን መልሶ ይተክላል፣ ለጎደለችው አንዷን ያነሳል። ለተረፈው ቦታ ስለሌለው መሬት ላይ ይቀራል። ከአንድ የደረሰ ካሮት ከ2 እስከ 5 ፍሬ ስለሚገኝ የሚቀረው ጥቂት አይደለም። በስንዴ ሲሆን ገበሬው ትርፍ ዘሩን ኮምፖስተር ውስጥ ይከታል፣ ስንዴውንም ዳቦ ያደርገዋል፤ ኪሱ እንደተሞላ አይቆይም። ካሮትን ግን አይነካውም። ለዚህ ዓይነቱ እርሻ ካሮት መመረጡ ትክክል ነው።

መሬት ላይ የቀረውን የሚሰበስበው ከታረሰው አፈር ሥር በተዘረጋ ሐዲድ የሚመላለስ ሆፐር ጋሪ ነው። ጋሪው ከላዩ ያለውን ዕቃ በአፈሩ አሳልፎ ይስባል። ሲገነባ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያሻል። ከመሐሉ ውኃ ሥር ያለው ቦታ በጠንካራ ብሎክ መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ ውኃው ወደ ሐዲዱ ዋሻ ይወርዳል። ሌላው ማራገፊያው ነው። ሆፐር (ዕቃ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ብሎክ) አንድ ዕቃ ለማሳለፍ 8 ቲክ (የጨዋታው የጊዜ መለኪያ) ይፈልጋል፤ ሴኮንዱ 20 ቲክ ስለሆነ በሴኮንድ 2.5 ዕቃ ማለት ነው። በፍጥነት የሚያልፍ ጋሪ ከአንድ ሆፐር በላይ የሚቆየው ለ3 ቲክ እንኳ ስለማይሞላ ቢበዛ አንድ ዕቃ ብቻ አራግፎ ያልፋል። በኮምፓራተር (ውስጡ ዕቃ መኖሩን በሚለካ መሣሪያ) የሚሠራ፣ ጋሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ የሚያቆመው ጣቢያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ጋሪው ማራገፊያው ላይ ከልክ በላይ ቢቆይ ምርት ይባክናል።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ እንደታየ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ማራገፊያው ላይ አረፈ። ሬድስቶን (የጨዋታው ኤሌክትሪክ መሰል ሥርዓት) ያለበት ክፍል ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠረጠራልና። ኮምፓራተሩ ተነቅሎ ተተካ፣ ሆፐሮቹ ተከፍተው ታዩ። ሁሉም ደህና ነው፤ ጋሪው የሚጭነው ስላላገኘ ባዶውን ይዞራል። ቀጥሎ ብርሃን ተጠረጠረና ተጨማሪ ችቦ ተሰካ።

ይህ ሁለተኛው ጥርጣሬ መነሳት አልነበረበትም። መስታወቱ ጋ ቀርቦ ላየ ሰው ማስረጃው ፊት ለፊቱ ነበር፦ በ80ዎቹም ብሎኮች ላይ ቅጠሉ ሙሉ የሆነ፣ ብርቱካናማ አናቱ ከአፈሩ ብቅ ያለ ካሮት ቆሟል። ሰብሉ ደርሷል ማለት ውኃው፣ ብርሃኑም፣ ቻንኩ (እርሻው ያለበት የዓለሙ ክፋይ) መጫኑም ደህና ነው ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ካሮቱ መሐል ላይ ቆሞ ወይም እየጎተተ ይገኝ ነበር። የደረሰ ሰብል ሳይነሳ ከቆየ የሚቀረው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ አጫጁ።

ገበሬው ደግሞ ጤነኛ ይመስላል። የገለባ ባርኔጣውን እንዳደረገ ነው፣ በሥራ ሰዓት ወደ ኮምፖስተሩ ይሄዳል፣ በእርሻው ውስጥ ይዘዋወራል። በደረሰው ካሮት መሐል ያልፋል እንጂ አይነቅልም። ከገንቢዎቹ አንዱ ተገቢውን ሙከራ አደረገ፤ እግሩ ሥር አንድ ካሮት ጣለለት። አላነሳም። ይህ ምልክት ወደ መልሱ ሊያደርስ በተገባ ነበር፤ ግን ኪሱ ሆን ተብሎ የተሞላ ቪሌጀር ነውና አለማንሳቱ ጤንነት ተደርጎ ተቆጠረ። እርሻውን የሚያሠራው ብልሃት ራሱ ብልሽቱን ሸፈነው።

ሌላም አሳሳች ነገር ነበር። ከጎኑ በኦብዘርቨርና በፒስተን የሚሠራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ። አገዳው 3 ብሎክ ሲደርስ ኦብዘርቨሩ ያያል፣ ፒስተኑ መሐለኛውን ይመታል። ያ እርሻ ሳያቋርጥ ያመርታል። «ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ካሮቱ እርሻ ውስጥ ነው» የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ሁለቱን እርሻዎች የሚለየው ዋናው ነገር በአንደኛው ሥራውን የሚሠራው ፍጡር፣ በሌላኛው ብሎክ መሆኑ ነው። ጥያቄው መነሳት የነበረበት እዚያ ላይ ነው፦ ፍጡራንን ብቻ የሚነካ ምን ተቀየረ?

በመጨረሻ ኮምፖስተሩን አንስተው መለሱ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ገበሬውን አስወጥተው አዲስ ቪሌጀር በጀልባ አመጡ። አዲሱ ኮምፖስተሩን ያዘ፣ አረንጓዴው ብልጭታ ታየ፣ ባርኔጣው መጣ። ኪሱን ለመሙላት ካሮት ሲጥሉለት ግን አንዱንም አላነሳም። ባዶ ኪስ ያለው ገበሬ ካሮት እግሩ ሥር ወድቆ ካላነሳ ጉዳዩ የቪሌጀሩ ሊሆን አይችልም። የሰርቨሩን ሕግጋት ሊያዩ የሄዱት ያኔ ነው። ‹ጌምሩል ሞብግሪፊንግ› ብለው ያለ ተጨማሪ ቃል ሲጽፉ ጨዋታው ያለበትን ሁኔታ ነገራቸው፤ ፎልስ፣ ማለትም ጠፍቷል።

ሕጉን ያጠፋው ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ነው፤ ክሪፐር የተባለው የሚፈነዳ ፍጡር የአንድ ተጫዋች ቤት ግድግዳ ስላፈረሰ ዳግም እንዳይደርስ ብሎ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ብዙ ሰርቨርም ይህንኑ ያደርጋል። ችግሩ ሕጉ ከስሙ የሚሰፋ መሆኑ ነው። የክሪፐርን ፍንዳታ ብሎክ እንዳያፈርስ፣ ኤንደርማን የተባለውን ፍጡርም ብሎክ እንዳያነሳ ያደርጋል። በዚያው መጠን ቪሌጀር ዕቃ እንዳያነሳ፣ እንዳያጭድና እንዳይተክል ያግዳል። ለጨዋታው ሁሉም አንድ ምድብ ናቸው፦ ፍጡር ዓለሙን ሲቀይር። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ቪሌጀሩም ከሥራው አይለቅም።

ሕጉ ወደ ትሩ (በርቷል) ሲመለስ አዲሱ ገበሬ የተጣለለትን ካሮት ማንሳት ጀመረ። ኪሱን ለመሙላት 512 ያስፈልጋል። 80ውን ተክል በእጅ መንቀል በአማካይ 300 ገደማ ይሰጣል፣ ከዚያም 80 ለመልሶ መትከል ይወጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ብቻውን አይበቃም። በእጅ ሲሰበሰብ ደግሞ ከታረሰ አፈር ላይ መዝለል አይገባም። ተጫዋች ሲዘልበት አፈሩ ወደ ተራ አፈር ይመለሳል፣ ይህን ሞብግሪፊንግ ጠፍቶም ቢሆን አይከላከለውም።

የክሪፐሩ ጉዳይ በሌላ መንገድ ተያዘ። ከ1.18 ጀምሮ በላይኛው ዓለም ክሪፐርን የመሰሉ ጠላት ፍጡራን የሚፈለፈሉት የብሎክ ብርሃኑ 0 በሆነ ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየቤቱ ዙሪያና ጣሪያ ላይ ጨለማ ኪስ እስካልቀረ ድረስ ችቦ መደርደሩ ይበቃል። ከውጭ ለሚመጣው ድመት ተቀመጠ፤ ክሪፐር ድመት ሲያይ ይሸሻል። ይህ ሕጉን ከማጥፋት የበለጠ ድካም አለው፣ ግን እርሻውን አያቆምም። ሕጉ የግድ መጥፋት ባለበት ሰርቨር ላይ ደግሞ የቪሌጀር እርሻ መገንባቱ ዋጋ የለውም፤ በኦብዘርቨርና በፒስተን የሚሠሩትን አገዳ፣ ዱባና ሐብሐብ መምረጥ ይሻላል።

እርሻው አጠገብ አሁን አንድ ተጨማሪ ቪሌጀር በ1 ብሎክ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ሥራ የለውም፣ ኪሱም ሆን ተብሎ ባዶ ተደርጓል። ሳጥኑ ሲጎድል ማንም ሰው ኮምፓራተር ከመንቀሉ በፊት ለእሱ አንድ ካሮት ይጥልለታል። ካነሳ ፍለጋው ወደ ሐዲዱና ወደ ማራገፊያው ይሄዳል፤ ካላነሳ ወደ ሰርቨሩ ሕግጋት። ብዙ ካሮት ግን ሊጣልለት አይገባም፤ 8ቱ ቦታ ከሞላ እሱም እንደ ገበሬው መልስ መስጠቱን ያቆማል።